ያጣጣልኩት ካፖርት

ክረምት ሲገባ የመርካቶ ድምፅ ይለወጣል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ "ወደ ጎን! ወደ ጎን!" የሚለው ተሸካሚም፣ ከአንዋር መስጊድ የሚመጣው አዛንም፣ የጋሪው ጎማም ከውሃ ስር የሚሰማ ይመስለኛል። እኔ በዚያን ሰዓት ልጄ ሱቅ ውስጥ፣ ከተሰቀሉት ልብሶች ስር በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። እንቅልፍ አይሉት ንቃት። ነፋስ በገባ ቁጥር እጅጌዎቹ ትከሻዬን ይነኩኛል። ሰው የኖረበት ልብስ ባዶውን ተሰቅሎ እንኳን ክርኑ እንደጎበጠ ነው። አንዳንዴ ወፍራም ሴትዮ፣ ቀጭን ወታደር፣ የቢሮ ሰው፣ ሁሉም አናቴ ላይ ቆመው ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቁ ይመስለኛል። ቀና ስል ጨርቅ ነው።

ልጄ የምትሸጠው ሰው ለብሶ የተወውን ልብስ ነው። እኔም ዕድሜዬን የበላሁት በሱ ነው፤ ልዋጭ ነበርኩ። ሳፋና ጆግ ተሸክሜ፣ "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያልኩ ሰፈር ለሰፈር እዞራለሁ። እትዬዎቹ አሮጌ ልብስ ያወጡልኛል፣ እኔ ሳፋ እሰጣለሁ፣ ልብሱን አምጥቼ መርካቶ አስረክባለሁ። ይሄ ሙያ እግር ብቻ አይደለም፤ አፍ ነው። ልብሱ ሐር ቢሆን እንኳ ብርሃን ላይ ዘርግቼ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ "አይ እትዬ፣ ይሄማ አልቋል" ማለት አለብኝ። እሳቸውም "አንተ ምናባክ ታውቃለህ!" ብለው ይቆጡኛል። እንዲህ ተባብለን ነው የምንስማማው። ሳያጣጥል ዝም ብሎ የወሰደ ልዋጭ ይጠረጠራል፤ ኪሱ ውስጥ ምን አግኝቶ ነው ይባላል።

አሁን ልጄ ስልኳ ላይ አንድ ነገር አስገብታለች። ሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው ትለኛለች። ድምፁ የሴት ስለሆነ እኔ "ሴትዮዋ" እላታለሁ። ልብሱን በካሜራ ታሳያታለህ፣ ስለ ልብሱ በአፍህ ትነግራታለህ፣ እሷ ጽፋ ለገዢ ታቀርባለች። ገዢው በራሱ ስልክ "ለሰርግ ጃኬት ፈልጌ ነበር" ሲላት ግን ቶሎ አትሸጥለትም። "ቤትዎ ያለውን አይተዋል? ከሰርጉ በኋላስ ከምን ጋር ይለብሱታል? የሚጠገን ካለዎት ሰፊ ልጠቁምዎት" ትለዋለች።

"ይቺ ሴትዮ ሱቁን ልታዘጋሽ ነው እንዴ?" አልኳት ልጄን። "በርሽ ድረስ የመጣን ደንበኛ ቤትህ ሂድ ይባላል?"

"አባዬ፣ ሰዉ ሁለቴ አጥቦ የሚጥለውን ነው እየገዛ ያለው። እኔ የሸጥኩለት እላዩ ላይ እንዲያልቅ ነው የምፈልገው።"

"አንቺ ሽጪ! ለበሰ አወለቀ ምን አገባሽ?"

"እንዲህ በያቸው ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። መጣላት ከፈለግክ ከኔ ጋር ተጣላ።"

ተጣላኋት። በርጩማዬን ይዤ ግን የትም አልሄድኩም።

አንድ ከሰዓት ልጄ ስራ በዝቶባት፣ ልብሶቹን ለሴትዮዋ እንድነግርላት ስልኩን ሰጠችኝ። መጀመሪያ ያነሳሁት ቡኒ ኮት ነበር። ልብስ እጄ ሲገባ አፌ እኔን አይጠብቅም። "ይሄማ ክርኑ አልቋል። አንደኛው ቁልፍ ከሌላ ልብስ የመጣ ነው። ማን ይለብሰዋል?" አልኩ። የቀሩትንም እንዲሁ አጣጥዬ አጣጥዬ ጨረስኩ። ሴትዮዋም ያልኩትን አንድ ሳታስቀር ጻፈችው።

ልጄ ስታነበው እጇን አናቷ ላይ ጫነች። "አባዬ! አሁን እኮ ሻጭ ነህ!"

"ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ።"

ሳታስተካክለው በፊት አንድ ጎረምሳ እየሳቀ መጣ። "ክርኑ ያለቀው ኮት የቱ ነው? ጉዱን አውቄ ልግዛው ብዬ ነው" አለና ወሰደው። ሁሉም እንደሱ አልሄደም፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ ተሰቅሏል። ልጄ ግን ከአፌ ያወጣሁትን አላጠፋችውም።

ነገሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤት ሳጥን ውስጥ የሚስቴ ካፖርት አለ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ወፍራም ሱፍ። እኔው ነኝ በልዋጭ ያመጣሁላት፤ ለማስረከብ ተሸክሜው መርካቶ ከደረስኩ በኋላ እግሬ ወደ ቤት ወሰደኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር እሱን ነበር የምትለብሰው። ካረፈች ወዲህ ሳጥኑን እኔ ብቻ ነኝ የምከፍተው።

"አባዬ፣ ብል ገብቶበታል" አለችኝ ልጄ። "ለኔ አጥሮኛል። ሰው ይልበሰው።"

"ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን አስቸገረሽ?"

"አላስቸገረኝም። ግን ብል ከሚበላው ሰው ይሙቅበት። እማዬም ብትሆን እንዲህ ነበር የምትለው።"

ስንከራከር ሰነበትን። በመጨረሻ እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ግን ተንኮል ይዤ ነው። ለሴትዮዋ የምነግራት እኔ ነኝ፤ ማንም ዓይኑን እንዳይጥልበት አድርጌ አጣጥለዋለሁ፣ ተመልሶ ሳጥኑ ይገባል።

ካፖርቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። ውጪ ዝናብ ነው፤ ሱቁ ጨልሞ ስልኩ ብቻ ይበራል። "ይሄ የሚለበስ አይደለም። ከባድ ነው። ግራ ትከሻው ሳስቷል" አልኩ።

"ግራው ብቻ ለምን ሳሳ?" አለችኝ።

"ዘንቢል በግራ ስለምታንጠለጥል ነዋ።"

"ገበሩ ደግሞ ከላዩ ጋር አይሄድም" አለች በካሜራው አይታ።

"የቤታችን መጋረጃ ነው። የመጀመሪያው ሲተለተል ራሷ ቀዳ ሰፋችው። መስኮቱ ባዶውን ከረመ።"

ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ስለ ኮሌታው፣ ስለ ኪሱ፣ በቤንዚን ታሽቶ ስላልለቀቀው እድፍ። እያጣጣልኩ መስሎኝ ነበር። የተሰቀሉት ልብሶች ሁሉ ወደኔ ያዘነበሉ፣ ወሬውን የሚያዳምጡ መሰለኝ። ዝናቡ ሱቁ ላይ ሳይሆን ድሮ ቤታችን ጣራ ላይ የሚወርድ መሰለኝ።

"ለረጅም ጊዜ የተለበሰ፣ እየተጠገነ የቆየ ካፖርት ብዬ ልጻፈው?" አለች።

"እንደፈለግሽ ጻፊው። ብቻ አያሞቅም በይ።"

"አያሞቅም?"

አፌ ከዚያ ወዲያ እምቢ አለኝ። ጣቴ መጋረጃው ላይ ነበር። ጠበቀችኝ፤ እሷን መጠበቅ አይደክማትም።

"ያሞቃል" አልኳት። "ያሞቃል፣ ጻፊው።"

ዓርብ ዕለት አንዲት ጎልማሳ ሴት መጣች። ጎጃም በረንዳ ማር ትነግዳለች፤ ጭነት የምትረከበው በማለዳ ስለሆነ ብርዱ አጥንቷ ገብቷል። አዲስ ካፖርት ልትገዛ በስልኳ ሴትዮዋን ብትጠይቃት፣ ዓመት ከዓመት የሚያገለግል ከፈለጉ መጀመሪያ ይሄን ይዩ ብላ ወደኛ ላከቻት።

"አባባ፣ ባለ መጋረጃው ካፖርት የታለ?"

"ተሸጧል።"

"አልተሸጠም!" አለች ልጄ ከጓዳ።

ወንበር ላይ ቆሜ ቀስ ብዬ አወረድኩት። "አይሆንሽም እኮ። ትከሻው ሳስቷል።"

"አንብቤዋለሁ።"

"ከባድ ነው።"

"ማር የሞላ ቆርቆሮ የማነሳ ሰው ካፖርት ይከብደኛል እንዴ?"

"ዝናብ ሲነካው እርጥብ በግ ይሸታል።"

"እኔም ማርና ጭስ ነው የምሸተው፣ እንቻቻላለን። ወይስ ሊሸጡልኝ አልፈለጉም?"

ካፖርቱን ዘረጋሁላት። ለበሰችው። እጅጌው ስለረዘማት አጠፈችው፤ እጥፋቱ ሚስቴ ታጥፈው የነበረበት መስመር ላይ ሄዶ አረፈ። ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችና ፊቷን መለሰች። ከዚያ ዋጋውን እነሱ ተነጋገሩ፤ እኔ አልሰማኋቸውም።

"ሲቀደድ እንዳትጥይው" አልኳት ስትወጣ። "ወደዚህ አምጪው።"

"ምን በወጣኝ እጥለዋለሁ አባባ!"

በሩ ላይ ቆምኩ። ካፊያ ነበር፤ ሰዉ መስገጃውን ላስቲክ አልብሶ ወደ ጁምዓ ይጎርፋል። እሷ በመሃሉ ወደ ታች ወረደች። ሚስቴን በዚያ ካፖርት የማውቃት ከፊት ነው፤ በር ከፍታ ስትገባ፣ እሳት ዳር ስትቆም። መንገድ ላይ የዚያን ጊዜ ሰው እንደሚሄደው እኔ ፊት፣ እሷ ኋላ ነበርን። ጀርባው ሲራመድ አይቼው አላውቅም። ከወገቡ በታች ያለው ስንጥቅ እርምጃ በተራመደች ቁጥር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ግራ ትከሻው ትንሽ ዝቅ ይላል። እንዲህ ነበር ለካ ከኋላዬ የምትሄደው።

"አባዬ፣ ግባ እንጂ፣ ረጠብክ" አለችኝ ልጄ።

"ቆይ" አልኳት።

መታጠፊያው ላይ ጆንያ የጫነ ጋሪ ገብቶ ጋረደኝ። እስኪያልፍ ጠበቅሁ።