አማቴ ግመል ሲያዞሩ

ሸዋ ሮቢት ላይ ባጃጅ ነጂዎች መስቀለኛው መንገድ መሃል ግራ ቀኝ ሳያዩ እጥፍ ብለው ሲመለሱ ሳይ ደሜ ይፈላል። ባለፈው አንዱን ጎረምሳ አስቁሜ «አንተ! የአማቴ ግመሎች እንኳ ካንተ በተሻለ ይዞሩ ነበር» አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ፤ ምን ያድርግ? ዘጠና ዓመት የተጠጋች አሮጊት ስለ ግመል ስታወራው እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ከአማቴ ጋር አንድ ቀን መንገድ ወጥቶ ቢሆን ግን መዞር ማለት ምን እንደሆነ ይገባው ነበር።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ ሃያ ያልሞላኝ፣ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሰባት ወር የሆነኝ ምራት ነበርኩ። የባሌ ቤተሰብ ከቀወት ቆላ ማሽላና ጥጥ በግመል ጭኖ አጣዬና ካራቆሬ ገበያ የሚያወጣ ነጋዴ ነው። ሰባት ግመሎች ነበሩን። አራት ሆነን እንሄዳለን፦ አማቴ፣ ባሌ፣ የባሌ አጎትና እኔ ከነልጄ። የቅፍለቱ መሪ፣ የፊተኛውን ግመል ገመድ የሚይዙት አማቴ ነበሩ።

አዎ፣ ሴት። የባሌ አባት ታመው ዓመታት ሲተኙ ገመዱን ያነሱት እሳቸው ናቸው። የውሃ ጉድጓዱን ሁሉ ያውቁታል፤ አፋርኛ እንደ አማርኛ ይናገራሉ፤ ቁጣቸውንማ ግመሎቹም ያውቁታል። አማቼ ሲሞቱ ግን የባሌ አጎት «ወንድሜ ሞቷል፤ ገመዱ ለኔ ነው። ሴት ከፊት ወንድ ከኋላ የሚሄድበት ቅፍለት የት ታይቶ ያውቃል?» ብሎ ተነሳ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ገመዱ እሳቸው ዘንድ ይቆይ፤ በእሳቸው ጥፋት አንድ ግመል ከጠፋ ወይ አንድ ሰው ከተጎዳ ግን በዚያው ቀን ለአጎትየው ይለፍ ተባለ። አማቴ «ተስማምቻለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አጎትየው መንገድ ለመንገድ የእሳቸውን ስህተት ሲፈልግ ነው የከረመው።

ስህተት የሚፈለግበት ቦታ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ጣሊያን ከደብረ ሲና ወደ ታች አዲሱን መንገድ አወረደና ከቆላ የሚወጣውን የኛን የድሮ መንገድ ቆረጠው። ሁለቱ የሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ በርሜል አቁሞ ኬላ አደረገው። አርበኞች ወደ መንገዱ ተጠጉ በተባለ ቁጥር «ዛሬ ዝግ ነው! ተመለሱ! ቪያ!» እንባላለን። ከሦስት ጊዜ አንዱን የምንመለሰው ከዚያ ነበር። መመለስ በአፍ ቀላል ነው፤ ከላይ ከመታጠፊያው ካሚዮን ቁልቁል እየተምዘገዘገ በሚመጣበት መንገድ ላይ ሰባት ግመል አዙሮ መመለስ ግን ሌላ ነው።

በድሮው ልማድ ቅፍለት ሲመለስ ግመሎቹ አይፈቱም። መሪው የፊተኛውን ይዞ ሰፋ ያለ ክብ ይዞራል፤ የቀሩት አንዱ በሌላው ጭራ እንደታሰሩ እየተጎተቱ ይከተሉታል። ሜዳ ላይ ሲያዩት እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ፈትቶ እያንዳንዱን በቆመበት ማዞር ግን ነውር ነበር፤ የኋላው ፊት፣ የፊቱ ኋላ ይሆናላ። «ቅፍለቱን ገለበጠው» ይባልና ሰውየው የገበያ መሳቂያ ይሆናል። እናም ነጋዴው ሁሉ መስቀለኛው ላይም ያንን ሰፊ ክብ ይዞር ነበር። አንድ ቀን ዓይናችን እያየ አንድ ካሚዮን የሌላ ነጋዴ ቅፍለት መሃል ገባ። የመታው አራተኛውን ግመል ብቻ ነው፤ የታሰሩት ግን ተያይዘው ተጎተቱ። የእንስሶቹን ጩኸት እስካሁን አልረሳሁትም።

አማቴ በማግስቱ ቤት አልዋሉም። ጥላ ፈልገው መስቀለኛው ዳር ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ አወጡ። ካሚዮን ከመታጠፊያው ብቅ ሲል «ሱብሓነላህ» ብለው መቁጠር ይጀምራሉ፤ መስቀለኛው ላይ ሲደርስ ያቆማሉ። የጫነውን ለብቻ፣ ባዶውን ለብቻ። ማታ ሲመለሱ «ባዶው ካሚዮን ሠላሳ ሦስት ሳይቆጠር ይደርሳል» አሉ። ከዚያ ግመሎቹን ሜዳ አውጥተው እንደ ድሮው አስረው አዞሩና ቆጠሩ፤ መቶ አለፈ። አንዱን ግመል ብቻ ፈትተው በቆመበት ሲያዞሩት ሃያ ላይ አለቀ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይህን ያህል ነጋዴ በዚያ መንገድ ሲመላለስ መቁጠር ለማንም አልታየውም ነበር፤ ለአንዲት መበለት ታያት። ወላሂ፣ የዚያን ቀን ያከበርኳቸውን ያህል ከዚያ በኋላ ማንንም አላከበርኩም።

ደንብ አወጡ። ባሌ የእሳቸውን ቀይ ሻሽ በዱላ አስሮ ላይ መታጠፊያው ዘንድ ይቆማል፤ አጎትየው በታች በኩል ይቆማል። ሻሹ ከተውለበለበ ማንም ግመል ከዳር አይነቃነቅም፤ ቀጥ ብሎ የሚመጣው ይቅደም። ሁሉም ዳር ይያዝና ይፈታ፤ ከኋላው ተጀምሮ፣ እኔ እየመራሁ፣ አንድ በአንድ ይዙር፤ አንዱ ዞሮ ዳር ሳይዝ ሌላው መንገዱን አይርገጥ። መሪው የፊተኛውን ግመል ገመድ እስከ መጨረሻው አይልቀቅ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ልጅ ከግመል ይውረድ። ልጄ ሦስተኛው ግመል ላይ፣ በማሽላው ስልቻዎች መሃል ሰሌን አንጥፈንላት ነበር የምትሄደው። አማቴ ሁልጊዜ ከፊት ሆነው «ልጅ ወርዳለች?» ይላሉ። እኔም አንቀልባዬን አሳይቼ «ወርዳለች!» እላለሁ። ይህን ሳይሰሙ አንድ ቋጠሮ አይፈቱም።

አጎትየው ሊፈነዳ ደረሰ። «አሁን ደግሞ ግመል ለማዞር ዚክር ማድረግ ጀመርን?» እያለ ገበያ ለገበያ አማቴን መሳቂያ አደረጋቸው። ነጋዴው ሲያየን «ግልብጦቹ መጡ» ይለን ነበር። የኬላው ዘበኞችም ሰዓት ፈጃችሁ ብለው በዱላ ያስፈራሩናል። አማቴ አንዱን ዘበኛ «ልጄ፣ አንተ ተመለሱ ብለሃል፤ እንመለሳለን። እንዴት እንደምንመለስ ግን እኔ ነኝ የማውቀው» ሲሉት ዱላውን ዝቅ አደረገ። እንዲህ ናቸው። ቃላቸው ለስላሳ ነው፤ ግን የሚገፋቸው የለም። ዓመት ሊሞላን እስኪል ድረስ አንድ ጠጉር አልተነካብንም፤ የሚስቁብን ሰዎች ግመል ግን ሁለቴ ተገጭቷል።

እንግዲህ የኔ ጉድ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ልጄ የመንጋጋ ጥርስ ልታወጣ ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ስታለቅስ አረፈደች። እጄ እስኪዝል አባበልኳት። መስቀለኛው ልንደርስ ስንል ግመሉ ላይ እንደተኛች ዝም አለች። ያ ረቢ፣ ያ ዝምታ እንዴት ይጣፍጣል! በርሜሉ ጋ ስንደርስ ዘበኛው «ተመለሱ!» አለ። ባሌ ሻሹን ይዞ ወደ መታጠፊያው ሄደ፤ አጎትየው ወደ ታች ወረደ። አማቴ ከፊት ሆነው «ልጅ ወርዳለች?» አሉ። ቀና ብዬ አየኋት፤ ከንፈሯን ገርበብ አድርጋ ተኝታለች። ባወርዳት ትነቃለች። ዓመት ሙሉ ምን ደርሶብን ያውቃል አልኩ። ነጠላዬን ጠቅልዬ አንቀልባው ውስጥ ከተትኩና «ወርዳለች!» ብዬ ጮህኩ። ይኸው ነው፤ ዋሸሁ።

አራቱ ከኋላ ያሉት ዞረው ዳር ያዙ። ሦስተኛውን፣ የልጄን ግመል፣ ይዤ መንገዱ ላይ ስወጣ ሻሹ ተውለበለበ። ባሌ እየጮኸ ነው። ካሚዮኑ ፍሬኑ አልያዝ ብሎት ኖሮ ጥሩምባውን እየነፋ ቁልቁል ይበራል፤ ሠላሳ ሦስት ቀርቶ አሥር የሚያስቆጥር ጊዜ አልነበረም። ግመሉ በጥሩምባው ደንብሮ ገመዱን ከእጄ መነጨቀኝና መንገዱ መሃል ላይ ተገትሮ ቀረ። ያኔ ልጄ ከላይ ሆና አለቀሰች።

እኔ ክው አልኩ። አማቴ ለቅሶው ከየት እንደመጣ ሰሙ፤ አንዴ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ የፊተኛውን ግመል ገመድ ለቀቁት። የማይለቀቀውን! በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ካሚዮኑ ፊት ገቡ፤ የልጄን ግመል አፉ ሥር ይዘው ጎተቱትና ከነጭነቱ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ይዘውት ገቡ። ካሚዮኑ ነፋሱ ነክቶን አለፈ። የተለቀቀው የፊተኛው ግመል ግን በድንጋጤ መንገዱ ላይ ወጥቶ ነበር። ከሰባቱ ምርጡ እሱ ነበር፤ እዚያው ሞተ። አማቴ ትከሻቸው ወልቆ፣ ልጄን በደህናው ክንዳቸው አቅፈው ከቦዩ ወጡ። ለእኔ ሰጡኝና «አጥቢያት» አሉኝ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ግመል ሞቷል፤ ውል ውል ነው። አንደኛው ሽማግሌ «ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ገመዱን ለምን ለቀቅሽ?» አሏቸው። «ልጅ ግመሉ ላይ ነበረች» አሉ። ባሌ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ዓይኑ ወደኔ ዞረ፤ ፊቱ ተለዋውጧል። «ልጄን ማን ነው እዚያ ላይ የተዋት?» አለ። ላይ ታች ቆመው ስለነበር «ወርዳለች» ስል ባሌም አጎትየውም አልሰሙም። የሰሙት አማቴ ብቻ ናቸው።

አማቴ የታሰረ ክንዳቸውን እያስተካከሉ «እኔ ነኝ» አሉ። «አውርዱልኝ ብላኝ ነበር። እርጅና ነው፤ ረሳሁ።»

አጎትየው ፈገግታውን መደበቅ አቃተው። «ያ ሁሉ ቁጥር፣ ያ ሁሉ ሱብሓነላህ! ሕፃን ልጅ ግን ተረሳች» አለ። ሰው ሳቀ። እነዚያ ዓመት ሙሉ የሳቁብን ሁሉ አሁን ከልባቸው ሳቁ። አማቴ ገመዱን ከመሬት አንስተው አጣጥፈው ሰጡት። ምናለ ያኔ ተነስቼ በተናገርኩ! ልጄን እያጠባሁ ተቀመጥኩ። በራሴ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ በማንም አላፈርኩም።

በማግስቱ ውሃ ስንቀዳ ብቻችንን ሆንን። እግራቸው ላይ ወድቄ «እትዬ፣ ምነው? ለምን እንዲህ አደረጉ?» ስላቸው አነሱኝ። «ልጄን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ሲቆጣ ጆሮ የለውም። እዚያው ሰው ፊት ሦስቴ ፈታሁሽ ይልሻል፤ ከዚያ መመለሻ የለውም። ገመዱን አጎቱም ይይዘዋል። ይቺን ልጅ ግን ካንቺ ሌላ ማን ያጠባታል?» ከዚያ ዓይናቸው ተቀየረ። «ሁለተኛ ግን ሳትወርድ ወርዳለች እንዳትዪኝ። አንገትሽን ነው የምቆርጠው።» አላለቀሱም፣ አልሳቁም፤ እንስራቸውን በደህናው እጃቸው አንስተው ሄዱ።

አጎትየው መሪ በሆነ በሳምንቱ ኬላው መለሰን። ገመዱን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ወደ መታጠፊያው አየ፤ ሰፊውን ክብ ሊጀምር አንድ እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ማንንም ሳያይ ግመሎቹን ይፈታ ጀመር። ልብ አድርጌ ሳዳምጠው ሱብሓነላህ እያለ ይቆጥራል። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ የቀወት ነጋዴ ሁሉ ግመሉን የሚያዞረው እንደዚያ ሆነ፤ ደንቡን ግን የአጎትየው አሉት። አማቴ ከኋላ፣ ከእኔ ጋር፣ አቧራ እየበሉ ሄዱ። አንድ ቀን እንኳ «የኔ ነው» ሲሉ አልሰማሁም።

ባሌም አጎትየውም ሞተዋል፤ አማቴን አላህ ጀነት ያግባቸው። ልጄ ራሷ አያት ሆናለች። የልጅ ልጆቿን ሰብስባ «አያቴ ግመል ላይ ረስተውኝ፣ ካሚዮን ሊጨፈልቀኝ ነበር» እያለች ስታወራላቸው በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም ጥግ ይዤ አብሬ ስስቅ ኖርኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ቢሆንም ይቺን በእጄ ጽፌ ልተውላት ብዬ ነው። ልጄ፣ አያትሽ አንድም ቀን አልረሱሽም። ግመሉ ላይ የተውኩሽ እኔ ነኝ።