ስለ ልጄ የመለስኩት መልስ

አዲሰን በምትባል የቴክሳስ ከተማ የማስታምማቸውን ሴትዮ ገላ እያጠብኩ ሳለ አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ደወለ። ትራክ ነው የሚነዳው፤ መንገድ ላይ ነበር።

«እማማ፣ ዛሬ ዋይሊ፣ ቤታችን ብቅ ይበሉላት። ያስመልሳታል።»

«ምን ሆና?»

«አልነገረችዎትም እንዴ? ሦስተኛ ወሯን ይዛለች እኮ።»

ስፖንጁ ከእጄ ወደቀ። ከእንቅልፍሽ ስትነሺ በባዶ ሆድሽ ዋጪው ብዬ ለልጄ ክኒን የሰጠኋት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። የሌሊት ሥራ ስለምትሠራ ቀን ስልኳን አጥፍታ ትተኛለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሣለች። ሰባት ከሩብ ሆኗል።

ሆም ኬር፣ ማለት ሰው ቤት እየሄዱ ማስታመም፣ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ቀን አሠልጣኟ ነርስ ጓንት አወላለቅና ታማሚ አገላበጥ አሳየችኝ። «ተተኪ ሳይመጣ ታማሚ ጥለሽ ከወጣሽ ሥራሽ አለቀ» አለችኝ። ከአራተኛ ክፍል አልዘለልኩም፤ የተባልኩትን በቃሌ ነው የምይዘው።

በእኛ ሥራ እከክ ይይዛል። ከአንድ ታማሚ ያዘኝና፣ በዕረፍቷ ቀን ቤቷ አድሬ ከልጄ ጋር አንድ አልጋ ስለተኛን ቆይቶ እሷም ማከክ ጀመረች። ድሮ ቢሆን የዶክተር ቀጠሮ ነበር የምንጠብቀው። አሁን ቴክሳስ ሕግ አውጥቶ፣ አይቨርሜክቲን የሚባለውን ክኒን ፋርማሲስቱ ያለ ዶክተር ወረቀት እንዲሰጥ ፈቅዷል። በዋዜማው ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ የእኛው አገር ልጅ ነው።

«እትዬ፣ ለእርስዎ እሰጣለሁ። እሷ ግን ራሷ ትምጣ፤ የምጠይቃት አለ።»

«ሠርታ ገብታ ተኝታለች። እናቷ ነኝ፣ እኔን ጠይቀኝ።»

«እርጉዝ ናት?»

ሳቅኩበት። «ብትሆን እኔ ሳልሰማ አንተ ልትሰማ ነው? ስለ እናትህ፣ ስጠኝ።»

ሰጠኝ።

የአማቼን ስልክ ዘግቼ ሱፐርቫይዘሬ ጋ ስደውል «ሰው እስክልክ አርባ ደቂቃ» አለችኝ። ሴትዮዋን አደረቅኳቸው፣ ቅባት ቀባኋቸው፣ አለበስኳቸው። ስልኩን ሰምተው ስለነበር «ሂጂ ወደ ልጅሽ» አሉኝ። ብቻቸውን መነሣት አይችሉም። ተተኪዋ የመጣችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ዋይሊ ስደርስ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነበር። በሩን ደበደብኩት። ልጄ በሻሽ ወጣች፤ ውኃ የያዘ ብርጭቆ በእጇ ነው።

«ዋጥሽው?»

«ገና ልውጠው ነው። ምን ሆንሽ?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክኒን አፍሼ ኪሴ ከተትኩት። «እርጉዝ ነሽ አሉ። ለእርጉዝ አይሰጥም። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባለፈው ሳረግዝ ነግሬሽ ነበር፣ እማዬ። ለማኅበርተኞችሽ ሁሉ ነገርሻቸው። ሲጨናገፍብኝ እያንዳንዳቸው ደውለው ‹ሆድሽ እንዴት ነው?› አሉኝ። ላንዷም መልስ አልነበረኝም።»

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ክኒኑን ለፋርማሲስቱ መለስኩ። ልጄን ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ ለእርጉዝ የሚሆን ቅባት አዘዙላት። አብረሽኝ ግቢ አላለችኝም፤ ኮሪደር ላይ ጠበቅኩ።

ሕጉ ክፋት የለውም። መድኃኒት የሚወስደው ሰው ግን ራሱ ይጠየቅ፤ እናትም ብትሆን አትመልስለት። ልጄ አልዋጠችውም። እሷም፣ በሆዷ ያለውም ደኅና ናቸው።