«እኛ እንደነሱ አይደለንም»

ስም አልጠራም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ይህን ካነበበ ራሱን አያጣውም።

ባለቤቴ ስኳር ነበረበት። እዚህ አሜሪካ፣ ኮንየርስ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር፤ የጤና ኢንሹራንስም ነበረው። ያጣው የሚያየው ሐኪም ነው። የእግሩ አውራ ጣት ቆስሎ አልድን ሲል፣ ጎረቤታችን የነበረች ጥቁር አሜሪካዊት እሷ የምትታከምበት ክሊኒክ ልትወስደን ተነሳች። ወንድሙ ይህን ሰምቶ ሳቀ። ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከጥቁሮቹ ጋር የተሰለፈ እንደ ጥቁሮቹ ነው የሚታየው አለ። የራሱ አለቃ የሚታከምበትን ሐኪም ስልክ ሰጠኝ፤ ቢሮው ነጮች ሰፈር ነው።

«ኢትዮጵያውያን ነን በያቸው። እኛ እንደነሱ አይደለንም።»

ባለቤቴ ከታላቁ ቃል አይወጣም። ስለዚህ ደወልኩ፤ እንደታዘዝኩትም ተናገርኩ። አዲስ ታካሚ አንቀበልም አሉኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ መልሱ ያው ነው። ቻምብሊ በሚገኝ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብራኝ የምትሠራ ነጭ ሴትዮ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ እሷ ደወለች። ወዲያው ለሐሙስ ቀጠሯት። ታካሚው የጓደኛዬ ባል ነው ብላ ስሙን ፊደል በፊደል ስትነግራቸው ግን፣ ይቅርታ፣ ለካ ሞልቷል አሏት። ፊቷ ቀልቶ ስልኩን ዘጋች።

ለወንድሙ ነገርኩት። እንግሊዝኛሽ ነው አለኝ። የሴትዮዋስ እንግሊዝኛ ስለው ፊቱን ወደ ባለቤቴ አዞረ። ታገስ፣ ሌላ ሐኪም እጠይቅልሃለሁ አለው። እሱም ታገሰ፤ ያበጠ እግሩን ጫማ ውስጥ እየከተተ ሥራ ሄደ።

ጣቱ ሲጠቁር ማንንም ሳልጠይቅ ድንገተኛ ክፍል ወሰድኩት። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ቀዶ ሐኪሙ እስካሁን የት ነበራችሁ ሲል ወንድሙ ቀደመኝ። ሕዝባችን ሐኪም ቤት መሄድ አይወድም አለው፣ በዚያ በሚኮራበት እንግሊዝኛ። ሐኪሙ ድሮም የሚያውቀውን እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ደውለን ነበር፣ አልተቀበሉንም ስለው ወደ እኔ ዞርም አላለ።

ባለቤቴ ሲነቃ ወንድሙ ለሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኩት።

«ጋሼ ናቸው እንዲህ ያሉት?»

«እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ወንድሙ ሊጠይቀው ሲመጣ፣ ተኝቷል በይው ይለኛል። በሩ ላይ ቆሜ ተኝቷል እላለሁ። የዊልቸሩ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ ለሁለታችንም።