ፖሊክሴኒና የዋልነቱ ቅጠል

ዳቦ ጋጋሪዋ ፖሊክሴኒ እንቢ ካለች እንቢ ናት። የስልክ ኩባንያው ሰው "ለአርባ ቤት ጭስ ማውጫ ብለን ተራራ ላይ የኢንተርኔት ሽቦ አንጎትትም" ሲላት፣ "እንግዲያው አትጎትቱ! እኛው እናመጣዋለን" ብላ በሩን ዘጋችበት። ነገሩ የእልህ ብቻ አልነበረም። የምራቷ ሥራ በኢንተርኔት ነው፤ ልጇ አርጊሪስ "እማ፣ ትምህርት እስኪዘጋ ካልመጣ፣ ልጆቹን ይዘን ላሪሳ ከተማ እንገባለን" ብሎ ቁርጡን ነግሯታል።

ቤት ለቤት ዞረች። አዋጥተው አንቴና ገዙ፤ አንዱ ጣሪያ ለሌላው እያቀበለ እንዲያደርስ፣ ንብረቱም የሁሉም እንዲሆን ተስማሙ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከደጁ የዋልነት ዛፍ ጥላ የማይነሳው፣ መንደሩ "ባርባ"፣ አጎት፣ እያለ የሚጠራው ሽማግሌ ፕሮድሮሞስ ብቻ፣ "እኔ ማንን ላወራበት? ጣሪያዬን እንዳትነኩ!" አለ። ምን ይደረግ፣ በጥር ወር፣ አንቴናውን ቅጠሉ በረገፈው ዛፍ ቅርንጫፎች መሃል አሳልፈው ወደ ማዶው ጣሪያ አነጣጠሩት። ሠራ! መንደሩ ጮቤ ረገጠ።

ሚያዝያ ላይ ድርግም አለ።

"እትዬ ፖሊክሴኒ፣ ኢንተርኔትሽ ጾም ያዘ እንዴ?" አሉ ቡና ቤት የተጎለቱት ወንዶች።

"እናንተ ደግሞ አፋችሁን ለዳቦ ብቻ ክፈቱት!" ብላ በዚያ ዕድሜዋ መሰላል ወጣች። በጥር ወዲያ ማዶ ያየችው ጣሪያ የለም፤ ያለው ቅጠል ብቻ ነው።

"ወይ እኔ ጅሏ! ዛፍ ቅጠል ማውጣቱን ረሳሁት!"

"ይቆረጣ!" አሉ ወንዶቹ።

"ያን ዛፍ የነካ የእኔን ዳቦ አይቀምሳትም።"

ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

"ባርባ፣ ጣሪያህን ስጠኝ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ የማወራው ሰው የለኝም አላልኩሽም?"

"አታውራ። አንቴናው ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች፤ እሷን ብቻ ጠብቅልኝ። እሷ ከጠፋች መንደሩ በሙሉ ይቋረጣል፤ የእኔም የልጅ ልጆች ይሄዱብኛል።"

ፕሮድሮሞስ ዳቦውን ቆረሰ።

"በሙሉ? ቄሱም?"

"ቄሱም።"

"በይ ስቀሉት! ያ ቄስ አንድ ጊዜ እንኳ በእኔ እጅ ይግባ።"

ትምህርት ሲዘጋ አርጊሪስ ሊገባበት ተከራይቶት የነበረውን የላሪሳ ቤት ቁልፍ ለአከራዩ መለሰ። ፖሊክሴኒ፣ ያቺ ብረት የመሰለች ሴት፣ ሊጡ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ባርባ ፕሮድሮሞስም ወንበሩን ከጥላው አንስቶ ፀሐይ ላይ አወጣው፤ ከዛፉ ሥር መብራቷ አትታየውማ። አሁን በደጁ ያለፈ ሁሉ "ባርባ፣ አለች?" ሳይለው አያልፍም። እሱም ቀና ብሎ ያይና፣ "አለች፣ አለች። ና እስቲ ተቀመጥ" ይላል።