አባቴ አፈር ያጠበ ዕለት

ስለ ማርስ የሚያወራ ሰው አልወድም። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ከፍቶ ያንን ቀይ በረሃ ሲያይ እንኳ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ጥፋቱ የሰውየው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጥፋቱ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ማርስን ሳሎኔ ድረስ ይዞ የመጣው እሱ ነው።

አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ሥራ ሲያቆም ከቤታችን ጓሮ ጀምሮ እስከ አቃቂ ወንዝ ድረስ ያለችውን ቁራሽ መሬት ቆፍሮ ጎመንና ቆስጣ ተከለባት፤ በዚያው አትክልተኛ ሆኖ ቀረ። እኔና ወንድሜ ያደግነው እዚያው ወንዝ አጠገብ ነው። ልጆች እያለን ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን «ዛሬ ምን ለበሰ?» እንባባል ነበር። ስለ ወንዙ ነው። ከላይ በኩል ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ቀይ ክር ሲያቀልሙ ወንዙ ቀይ ለብሶ ይመጣል፤ ሰማያዊ ሲያቀልሙ ሰማያዊ ይለብሳል። ገምቶ ያገኘ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲኮራ ይውላል። እናታችን ትስቅ ነበር፣ ጎረቤቱም ይስቅ ነበር። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ቆሞ ሲስቅ፣ አንድ እንኳ «ይሄ ነገር ውሃችን ነው እኮ» ያለ አልነበረም።

አምና የአባቴ እግር ቆሰለ። መጀመሪያ ትንኝ ነው አለ፤ ቀጥሎ ጫማ ነው አለ። ቁስሉ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር በግድ ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን አልተለማመጠችውም።

«አባባ፣ ከእንግዲህ እዚያ ወንዝ ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ። ጭቃውንም በእጅዎ እንዳይነኩ። ይሄ ቁስል ወደ አጥንት ከገባ እግርዎን ነው የምናጣው» አለችው።

አባቴ ሱሪውን ፋሻው ላይ አወረደ። በዚያው ሳምንት አልጋውንና ሳጥኑን በጭነት መኪና ጭኜ፣ እናታችን ከሞተች በኋላ ብቻውን የኖረበትን ቤት ቆልፌ፣ ቱሉ ዲምቱ እኔ ያለሁበት ኮንዶሚኒየም አመጣሁት።

ከአቃቂ ቱሉ ዲምቱ ሩቅ አይደለም። ለአባቴ ግን ከሚኒባስ ሳይሆን ከሰማይ የወረደ ያህል ነበር የሆነበት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ከበረንዳው ቁልቁል ሲያይ የሚታየው ሲሚንቶ፣ የግንባታ ፍርስራሽ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ብሎክ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በመጣ ቀን በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን ሳይቀር እንሞላለን። አዲስ አበባን የሚያጠጣው ጉድጓድ ብዙው የተቆፈረው እዚሁ አቃቂ መሆኑን ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይውል ነበር። ሥራ የለመደ እጅ ነው፤ የሚያደርገው ነገር ሲያጣ የሱሪውን ጨርቅ ይቆነጥራል። ምግብ ቀነሰ። አንድ ቀን «ሰው እዚህ ምን እየሠራ ነው የሚሞተው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእግሩ ብዬ አምጥቼው ሌላው አካሉ በእጄ ላይ ሊያልቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

ወንድሜ የሚመጣው እሁድ እሁድ ነው። መሀል ከተማ የኮምፒዩተር ሥራ ይሠራል፤ ምሳ በልቶ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ስልኩን ያወጣል። ያን እሁድ አባታችንን ላጫውት ብሎ ስለ ማርስ ጀመረ።

«ፋዘር፣ ምድር እኮ አልቆላታል። ሙቀቱን አታየውም? ውሃውን አታየውም? የሰው ልጅ ነገ ማርስ ላይ ነው።»

አባቴ ቀና አለ። በወራት ውስጥ እንደዚያ ቀና ሲል አላየሁትም። «አፈር አለው?» ብሎ ጠየቀ።

«አፈር በሽ ነው። መርዝ አለበት እንጂ።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ?»

«አጥበው ይዘሩበታላ! ሳይንቲስቶቹ እያጠኑት ነው። አፈሩን በውሃ ያጥቡታል፣ መርዙ ይወጣለታል፣ ከዚያ ድንች በለው ጎመን በለው የፈለግኸውን ትተክላለህ።»

አባቴ ስልኩን ተቀብሎ አራቀው፣ አቀረበው። የተሳለ ቤት ውስጥ የተሳለ ጎመን ነበር። ረጅም ጊዜ አየው። እኔ ሳህን እያነሳሁ ነበር፤ ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ጭቃ አገኘሁ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ የታችኛዋ ጎረቤቴ የቤቴ በር ላይ ቆማለች። ወሎዬ ናት፣ አቃቂ ገበያ ውስጥ ልብስ ትነግዳለች፤ በክፉም በደግም አንድ ቤት ነን።

«ወላሂ እህቴ፣ መጀመሪያ ውሃ መጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «ጀሪካኔን ይዤ ስሮጥ ለካ ከጣራዬ ነው የሚንጠባጠበው። ደግሞ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ምን ጉድ ነው?»

ገባሁ። አባቴ ሻወር ቤቱ ወለል ላይ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ ማዳበሪያ አፈር አለ፤ ከወንዝ ዳሩ፣ ከራሱ የጎመን መደብ ቆፍሮ በባጃጅ ያመጣው ነው። እጁን እስከ ክርኑ ሳፋው ውስጥ ነክሮ አፈሩን እንደ ጤፍ ያሻል፣ ያጠልላል፣ እንደገና ውሃ ይጨምራል። ቱቦው በጭቃ ተደፍኖ ውሃው ቤቱን ሞልቶታል። በርሜሉን ከፍቼ አየሁት። ሳምንቱን ሙሉ ልንጠጣው ያጠራቀምነው ውሃ ታች ድረስ አልቋል። የእግሩ ፋሻ ሰማያዊ ሆኗል።

ጮህኩበት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮሄ አላውቅም። «እግርህ ይቆረጥ ነው የምትለው? ምን አድርጌህ ነው? የምንጠጣውን ውሃ!» አልኩት። ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ «ተይ እንጂ፣ ትልቅ ሰው ናቸው» ትለኛለች።

አባቴ አልተቆጣም። «ሊጠራ ነው እኮ» አለኝ። «መጀመሪያ ጥቁር ነበር፣ አሁን ሰማያዊ ሆኗል። ትንሽ ውሃ ቢኖር ይጠራል። ወንድምሽ ማርስ ላይ እንዲህ ነው የሚያደርጉት ብሎኛል። በረንዳው ላይ ጎመን ልተክልልሽ ነው።»

ንዴቴ ያን ጊዜ ከሱ ላይ ተነሳ፤ የሚያርፍበት ግን አጣ። ጎረቤቴ መወልወያዋን አምጥታ ጭቃውን አብራኝ ስትጠርግ እኔ በውስጤ እየተሳደብኩ ነበር። የማንም ያልሆነ፣ ማንም ያልተመረዘበት፣ ማንም ያልተወለደበት አፈር እንዴት እንደሚታጠብ ቁጭ ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ። አእምሮ ተመድቦለታል፣ ላብራቶሪ ተመድቦለታል። የአባቴን መደብ ለማጠብ የተመደበው ግን አባቴ ነው፤ አንድ የልብስ ሳፋ ይዞ፣ በቁስል እግሩ። ወንድሜ ምድር አልቆላታል ሲል ምግቤን እየበላ ነበር። አልቆላታል ማለት እንዴት ይቀላል! ያለቀለት ነገር ላይ ማንም አይጠየቅም፣ ማንም ቀለሙን ከወንዝ አያስወጣም። አንድ ቀን እንሄዳለን የሚል ሰው ቤቱን የሚጠርግበት ምክንያት ምንድን ነው? የሚሄዱት ደግሞ እኛ አይደለንም። አባቴን ከአቃቂ ቱሉ ዲምቱ አዛውሮ ማላመድ እንኳ አቅቶኛል።

ከሥራ ቀርቼ ሐኪሟ ጋ መለስኩት። ቁስሉን ስታጥብ እግሩን አላየሁም፤ ፊቷን ብቻ ነው ያየሁት። እግሩ ለጊዜው ተርፏል። «ለጊዜው» ያለችው እሷ ናት።

እሁድ ወንድሜ ሲመጣ ምሳ አላቀረብኩም። በር ላይ እንደቆመ «ግባና ያወራኸውን አስተካክል። እንዲህ አይታጠብም በለው» አልኩት። አባቴ በረንዳው ላይ ነበር፤ የመጨረሻው እጣቢ በሳፋው ሞልቶ አጠገቡ ተቀምጧል። እንድደፋው ለምኜው አልፈቀደልኝም ነበር።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ «ፋዘር፣ ያ እኮ ገና ነው። የወደፊት ነገር ነው። ማሽን ይፈልጋል» አለው። ድምፁ አነስ ብሎ ነበር።

«ይሁን» አለ አባቴ። «ማሽኑን ተወው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ታች ያለችው፣ ጣራዋን ያፈሰስኩባት ልጅ መጥታ ጭቃዬን ስትጠርግልኝ ከዋለች ጀምሮ ሳስበው ነበር። እዚህ በቱቦ ብደፋው ዞሮ ዞሮ ወንዙ ነው የሚገባው፤ ከወንዙ በታች ደግሞ ሰው አለ። እነዚያ ማርስ ላይ እጣቢውን የት ነው የሚደፉት?»

ወንድሜ ስልኩን አወጣ። ምናልባት ሊፈልግለት ነው። ጥቂት ነካ ነካ አድርጎ መልሶ ኪሱ ከተተው። አባቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ሳፋውን በጤነኛ እግሩ ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጎ ሰው እንዳይደፋው በጣውላ ከደነው።

ጎመን አልተተከለም። ውሃው ተኖ ከሥሩ ሰማያዊ ደለል ቀርቷል፤ ሳፋው እስከ ዛሬ በረንዳዬ ላይ ነው። ልብስ የማጥበው በባልዲ ነው።