ውሃ የማትጠጣው ሾፌር

ሾፌሯ ሰነፍ አይደለችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰሞን አፍ ያለው ሁሉ ሰነፍ ሲላት ከርሟልና። ያን የሚያህል የከተማ አውቶብስ በጠባብ መታጠፊያ ስታዞር ያየ ሰው አጃኢብ ይላል። ችግሩ ከቀትር በኋላ ነው። ፀሐይ በፊት መስታወቱ ስትገባ ዐይኗ ይቦዝዛል፣ ራሷን ይወቅራታል፣ ክንዷ እንደ እርጥብ ጨርቅ መሪው ላይ ይንጠለጠላል።

አንድ ቀን መብራት ይዟት ቆማ ሳለ ዐይኗ ክድን አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንደገና እስኪቀላ አላወቀችም። ተሳፋሪው ጮኸ፤ ወሬው ከተቆጣጣሪው ጆሮ ደረሰ። ተቆጣጣሪው መጨረሻው ፌርማታ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጦ የአውቶብሶቹን መግቢያና መውጫ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሾፌሮቹ በሌለበት «ሰዓቱ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ብትደግመው መሪውን አስረክባ ጋራዥ ውስጥ አውቶብስ አጣቢ እንደምትሆን ቁርጡን ነገራት። ስንት ዓመት ትኬት ስትቆርጥ ኖራ፣ ስንቱን ሹፈት ችላ ያገኘችው መሪ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ባሏ በጊዜ ተኚ አላት፤ እንቅልፉንማ መች አጣችው። አማቷ በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ ማር አዘዙላት። አብሯት የሚሠራው ትኬት ቆራጭ ደግሞ ኪሱን ሙሉ ከረሜላ ይዞ እየመጣ ያጎርሳት ጀመር። ከረሜላው ለጥቂት ጊዜ ያነቃታል፣ ከዚያ ከበፊቱ የባሰ ይጥላታል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው።

በመጨረሻ ደም ማነስ ይሆናል ብላ ክሊኒክ ሄደች። ተመረመረች። ደሟ ሙሉ ነው፣ ስኳሯም ደህና ነው። ሾፌሯ ይህን ስትሰማ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። በሽታ ቢገኝባት ይሻላት ነበር፤ በሽታ የሌለው ድካም ስንፍና ነው ሊሏት ነዋ። ነርሷ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ከሚሉት ወገን ናት። ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ከጠዋት ጀምሮ ምን እንደቀመሰች ጠየቀቻት።

«ምንም። ከረሜላ ብቻ።»

«ውሃስ?»

«ሥራ ላይ ውሃ አልጠጣም።»

«ለምን?»

«የት ልሽናው?»

ነርሷ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ የሾፌሯን ፊት አይታ ተወችው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ያለችው አንዲት መጸዳጃ ቤት የተቆጣጣሪው ናት፤ ያላት አንድ ቁልፍም እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወንዶቹ ሾፌሮች ከአጥሩ ጀርባ ዘወር ይላሉ። እሷ ወዴት ዘወር ትበል? ስለዚህ ጠዋት የወጣች አንድ ጉንጭ ውሃ ሳትቀምስ ማታ ትገባለች። ቁርስ የተወችውም ለዚሁ ነው፤ ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ አልወርድ እያላት።

ነርሷ አስረዳቻት። ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ራስ ይታመማል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሐሳብ ይበታተናል። ባዶ ሆድ ላይ የገባ ጣፋጭም ቶሎ አንስቶ ቶሎ ይጥላል። ጠዋት እንቁላል ወይም የተቀቀለ ባቄላ ከዳቦ ጋር ብዪ፣ ቀን ሙዝና ኦቾሎኒ ያዢ፣ ውሃውን ጥቂት በጥቂት ቀኑን ሙሉ ጠጪ አለቻት። ይህን አድርገሽ ድካሙ ካልተወሽ ተመለሺ፣ ሌላ ምክንያት እንፈልግለታለን ብላም ሸኘቻት።

እንደተባለችው አደረገች። ሳምንት ሳይሞላ ዐይኗ በራ፤ ከቀትር በኋላ ከትኬት ቆራጩ ጋር መቀለድ ሁሉ ጀመረች። ደስታው ግን ፊኛዋ እስኪሞላ ድረስ ነው። ሦስተኛው ጉዞ ላይ ላብ ያጠምቃታል፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየረገመች ትነዳለች።

ቁልፉን ለመነችው። ተቆጣጣሪው መጸዳጃ ቤቱ የቢሮ ነው፣ ለሾፌር የሚሰጥበት ደንብ የለም አላት። በማግስቱም ለመነችው። በፊት አትጠይቂም ነበር፣ አሁን ምን መጣ አለ። ውሃ መጠጣት መጀመሯን ብትነግረው፣ «እንግዲያው ቀንሺዋ» አላት ቀና እንኳ ሳይል። ደሟ ፈላ። ብትጠጣ መከራ፣ ባትጠጣ እንቅልፍ፤ ብትተኛ ደግሞ የሚቀጣት እሱ ራሱ። ባሏም ታገሺ አላት። እሱ የሚሠራበት ሕንፃ በየፎቁ መጸዳጃ አለው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ትዕግሥትን መምከር ምን ይከብዳል።

ሐሙስ ዕለት አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የመነሻ ሰዓቷም ደርሶ፣ ሞተሩን አጠፋችው። ወርዳ ቢሮ ገባችና የአውቶብሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«መሪው ነው። ወይ ይሄን ይውሰዱ፣ ወይ የመጸዳጃውን ይስጡኝ።»

እወስዳለሁ ቢላት ባልዲ ይዛ ጋራዥ መግባቷ ነው። ውጭ ተሳፋሪው መስኮት መደብደብ ጀመረ። ትኬት ቆራጩ ሾፌሯ ያለችው ተቆጣጣሪው ቢሮ ነው እያለ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ያውጃል። አንዲት አሮጊት ወርደው በሩ ላይ ቆሙና፣ «ምነው ልጄ፣ ሾፌራችንን ምን አድርገህ ያዝክብን?» አሉት። ተለዋጭ ሾፌር የለም። ተቆጣጣሪው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ አሮጊቷን አየ፣ መሳቢያውን ከፈተ።

«ለዛሬ ብቻ» አላት።

ገባች፤ ወጣች፤ እጇን ታጥባ የውሃ ጠርሙሷን ሞላች፤ የአውቶብሱንም ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሳች። የመጸዳጃውን ቁልፍ ግን አልመለሰችም፤ ኪሷ ከትታ መንገዷን ቀጠለች።

ሩቅ ሳትሄድ ስልኳ ጠራ። ቆመና እንደገና ጠራ። ትኬት ቆራጩ አንገቱን አስግጎ አየውና ተቆጣጣሪው መሆኑን ነገራት።

«ቸኩሏል መሰለኝ፤ ላንሳልሽ?»

«ተወው» አለች ሾፌሯ፣ ከጠርሙሷ አንዴ ተጎንጭታ። «ሥራ ላይ ስልክ ማንሳት ደንቡ አይፈቅድም።»