የዶሮ ቤቱ ጥግ

እናቴን የገደላት የቡና ገለፈት ነው ስል ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ሚዛን ተወልዶ፣ ቡና ባበላው እጅ አድጎ ቡናን መክሰስ ነውር ነው ይሉኛል። ይሁን፣ ነውረኛ ልባል።

በእኛ አገር ገለፈት ዋጋ የለውም። ቡናው ከሽፋኑ የሚፈለፈልበት መቀሸሪያ በር ላይ ተራራ ሆኖ ይከመራል፤ የፈለገ በጆንያ ሞልቶ ይሄዳል፣ ማንም አይከለክለውም። ሌላ ቦታ ዶሮ የሚያረባ ሰው ወለሉ ላይ የጤፍ ገለባ ያነጥፋል አሉ። እኛ ጋ ጤፍ ከየት ይመጣል? አባቴ የመቀሸሪያው መካኒክ ስለነበር ገለፈቱን ያመጣል፣ እናቴ ታነጥፈዋለች። የሚዛን ዝናብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጣራው ቢከለክለው በግድግዳው ይገባል። ገለፈቱ ይረጥባል፣ ይሻግታል፤ ፀሐይ ሲወጣ ከኩሱ ጋር ደርቆ ዱቄት ይሆናል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አስራ ያንን ዱቄት በአካፋ ትዝቃለች። ጎረቤቱ ለጓሮ እንሰቱ ማዳበሪያነት ይሻማበታል። ከዶሮ ቤት ስትወጣ ቅንድቧ ነጭ ስለሚሆን እኛ ልጆቿ "ዛሬም አረጀሽ" እያልን እንስቅባት ነበር።

ሳሉ ሲጀምራት ጉንፋን ነው ተባለ። አልለቅ ሲላት አማን ሆስፒታል ወስደን አስመረመርናት። ሳንባ ነቀርሳ አይደለም ሲሉን ደስታችንን አልቻልነውም፤ ሙዝ ገዝተን መንገድ ላይ እየበላን ተመለስን። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር ጨምሮ ነበር። ሳንባዋን የጎዳው አቧራው ነው፣ ካሁን በኋላ ዶሮ ቤት ድርሽ እንዳትል አለ።

እሷ እቴ! "ዶሮዎቼን ሸጬ ምን ልሁን? በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሰው ልማ?" አለች። አባቴ አልተከራከራትም። እሱ ዝም ካለ እጁ የሆነ ነገር ሊሠራ ነው።

ከጌጫ ደጋ ቀርከሃ በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። ወለሉን በሲሚንቶ ለሰነው፤ ከወለሉ ወገብ ድረስ ከፍ አድርጎ የቀርከሃ ርብራብ ሠራ። ዶሮዎቹ ከላይ፣ ኩሱ ከስር ማለት ነው። ከስር ደግሞ ከበርሜል የቆረጠውን ሰፊ ብረት በሽቦ ገመድ አስሮ፣ ገመዱን ከአሮጌ መቀሸሪያ በተነቀለ ሞተር ላይ ጠመጠመው። ማብሪያው ሲጫን ብረቱ ኩሱን እየገፋ ውጭ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል፤ ሰው መግባት አያስፈልገውም። አሁን ሳወራው ቀላል ይመስላል። ሞተሩ ከቴፒ እስኪመጣ፣ ገመዱ እየተበጠሰ እስኪቀጠል፣ መብራት ሄዶ እስኪመለስ ክረምቱ አለቀ። ቤቱን ግማሽ ግማሹን ስለነበር የሚሠራው፣ ዶሮዎቹ በቀሩበት በኩል እናቴ ተደብቃ ትጠርግ ነበር። ስይዛት "አፍሽን ያዥ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ" ትለኛለች።

ማሽኑ የተነሳ ቀን እሷ አልጋ ላይ ነበረች። እንድትሰማ መስኮቱን ከፈትንላት። ሞተሩ አጓራ፣ ዶሮዎቹ ተንጫጩ፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ገባና አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ጠረገ?" አለችው።

"ልቅም አድርጎ።"

"ጥጉንስ?"

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። ብረቱ ምሰሶዎቹ ስለሚያግዱት ጥጉ ጋ አይደርስም ነበር።

"አላልኩም! ሰነፍ ጠራጊ ነው የቀጠርክብኝ" ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉም ብዙ ቆየ። የቡና ለቀማው ሳያልቅ ቀበርናት።

ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ፣ ወንድሞቼም ወደየሥራቸው ተመልሰው ቤቱ ለእኔና ለአባቴ ሲቀር፣ አባቴ ጠዋት ጠዋት አካፋዋን ይዞ ዶሮ ቤት መግባት ጀመረ። ወዴት ነው ስለው "ጥጉን ልጥረግ" ይላል። ጥጉን ከሆነ ይጥረግ ብዬ ተውኩት። እያደር ግን ግራ ገባኝ፤ አንድ ጥግ ይህን ያህል ያስቆያል? ደግሞም ሞተሩን ከሰማሁት ሰንብቻለሁ። ሄጄ ሳይ ገመዱን ከሞተሩ ፈትቶታል። ርብራቡ ስር ተንበርክኮ ወለሉን ሙሉ በአካፋ ይዝቃል። አፉን እንኳ አልሸፈነም፤ ቅንድቡ ነጭ ሆኗል።

ንዴት ሀዘኔን አስረሳኝ። "አባዬ፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?"

"ደህና ነው።"

"ታዲያ ምን ትሠራለህ?"

አካፋውን ምሰሶው ላይ አስደገፈ። "እናትሽ ዕድሜዋን እዚህ ውስጥ ስትጨርስ እኔ የማውቀው እንቁላሉን ነው" አለ። "አቧራውንም ልወቀው።"

አካፋውን አንስቶ መዛቁን ቀጠለ፤ ጥቂት እንደዛቀ አሳለው። ደረቅ፣ አጭር ሳል ነው። ያንን ሳል የት እንደማውቀው አይጠፋኝም፤ እሷም ስትጀምር እንዲያው ነበረች።

"ውጣ" አልኩት። አባቴን እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። "አንተ አቧራውን ስታውቅ እኔ አንተንም ልቅበር? እሷን ቀብሬ ገና እንባዬ አልደረቀም። ውጣልኝ አባዬ፣ በእሷ ሞት!"

እየዳኸ ወጣ። አካፋውን ስቀበለው ሳያንገራግር ለቀቀልኝ። ገመዱን መልሶ ሲያስር ጫፉን እኔ ያዝኩለት፤ ማብሪያውንም የተጫንኩት እኔ ነኝ። ብረቱ እየተንቋቋ ሄደ፣ ኩሱን ጉድጓድ ከተተና ቆመ። ጥጉን እንደ ልማዱ ተወው። አባቴ አንዴ ጥጉን፣ አንዴ እጄ ላይ ያለውን አካፋ አየ።

"ይቅር" አልኩት። "ይቆሽሽ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ጥግ የጠረገው ሰው የለም።